ስንት ክረምት ይከርማል? በኮሸሽላ ቀለም ስለሚሠራው የፀሐይ ሴል ምርምር የቀረበ ሂስ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከሚካሄዱት የሳይንስ ምርምሮች መካከል፣ በቅርብ ዓመታት የብዙ ወጣት ተመራማሪዎችን ልብ የሳበ አንድ መስክ አለ። ይኸውም ናኖ ቁስ ከሚባሉት እጅግ ደቃቅ ነገሮች የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሴል፣ ወይም በብርሃን ኃይል ቆሻሻን የሚያጠፋ ዱቄት መሥራት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእነዚህ ምርምሮች አንዱን ነው። የምንመለከተውም ሥራውን ለማሞገስ ወይም ለማጥላላት ሳይሆን፣ የሚለካበት ሚዛን ለአገሩ የሚስማማ መሆኑንና አለመሆኑን ለመመርመር ነው። ለመመርመሪያ የሚሆነን ቦታ የላስታ ደጋ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ፊት እናስረዳለን።

1. የተሠራው ሥራ

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ውለታው አንዳርጌ አያሌውና ደለለ ወርቁ አየለ ከሁለት ተክሎች ቀለም አውጥተው የፀሐይ ሴል ስለ መሥራታቸው አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ከሁለቱ ተክሎች አንዱ ቅጠሉ ቀይ የሆነው፣ ከውጭ አገር የመጣው ኤውፎርቢያ ኮቲኒፎሊያ የተባለው የጌጥ ተክል ነው። ሁለተኛው ግን የእኛው ነው፤ በሳይንስ ስሙ አካንቱስ ሴኒ የሚባለው፣ ሕዝቡም ኮሸሽላ የሚለው፣ ቅጠሉ እሾሃም፣ አበባው እሳት የመሰለ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይበቅል ተክል ነው። ሕዝቡ በዚሁ ስም ሌላም እሾሃም ተክል ስለሚጠራ፣ አንባቢ የትኛውን እንደምንል ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለው ሴል የሚሠራበት ዘዴ የተገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ነው። በስዊስ አገር ሎዛን ከተማ ብራያን ኦሪጋንና ሚካኤል ግሬትሰል የተባሉ ሊቃውንት ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት በመስተዋት ላይ በስሱ ቀብተው በቀለም ነከሩት፤ በዚህም ከሚወርደው ብርሃን ከመቶ 7 የሚበልጠውን ወደ ኤሌክትሪክ ለወጡ። ዱቄቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የግድግዳ ቀለምና የጥርስ ሳሙና የሚነጣበት ያው ነው። ልዩ የሚያደርገው ደቃቅነቱ ነው። የአንዱ ቅንጣት ውፍረት 20 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ናኖሜትር ማለትም አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ሲካፈል የሚደርሰው ነው። ድንጋይ ሲፈጭ ውስጡ የነበረው ሁሉ ገጽ እየሆነ እንደሚወጣ፣ ቁሱም በደቀቀ ቁጥር ገጹ ይሰፋል፤ ስለዚህ ጥፍር በምታህል ንጣፍ ላይ የንጣፏን ስፋት ብዙ መቶ ጊዜ የሚያጥፍ ገጽ ይገኛል፤ ቀለሙም በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ ይለጠፋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀለሙ ብርሃን ሲያገኘው አንድ ኤሌክትሮን ለዱቄቱ ይሰጣል። ኤሌክትሮኑ በመስተዋቱና በሽቦው ዞሮ ሥራ ከሠራ በኋላ በሌላው በኩል ይመለሳል፤ በመካከል ያለው አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ተቀብሎ ለቀለሙ ያደርሰዋል። እንግዲህ ቀለሙ አበዳሪ ነው ማለት ይቻላል። ያበደረው በጊዜው ከተመለሰለት እንደገና ያበድራል፤ ካልተመለሰለት ግን እሱ ራሱ ይከስራል፣ ማለት ይበላሻል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን።

በሎዛን ለቀለምነት ያገለገለው ሩቴኒየም ከሚባለው ብርቅና ውድ ማዕድን የተሠራ ውሕድ ነው። ስለዚህ በብዙ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በእርሱ ፈንታ የአበባና የፍሬ ቀለም ሊተኩ ሞከሩ። በአገራችንም ከባሕር ዳሩ ሥራ አስቀድሞ፣ በ2012፣ ተከተል ዮሐንስና ባልደረቦቻቸው የዶቅማን ቀለም ሞክረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ሊቃውንት ጋር ሆነው፣ በሌላ መንገድ፣ ለፕላስቲክ የፀሐይ ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን ሲሠሩ ቆይተዋል። የኮሸሽላው ምርምር እንግዲህ ብቻውን የበቀለ ሳይሆን ከዚህ ማሳ የወጣ ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? ኤሌክትሪክ ተገኘ፤ ነገር ግን የተለወጠው ብርሃን ከመቶ 1 እንኳ አልሞላም። በቀትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርደው ብርሃን 1,000 ዋት ያህል ነው ብንል፣ በዚህ መጠን የሚሠራ አንድ ካሬ ሜትር ሴል 10 ዋት አይሰጥም። በገበያ የሚሸጠው የሲሊኮን ሰሌዳ በዚያው ስፋት 200 ዋት ያህል ይሰጣል።

ብዙ ሰው ሂሱን ከዚህ ላይ ጀምሮ ከዚሁ ላይ ይጨርሰዋል። እኛ ግን የመጠኑን ማነስ ነውር አድርገን አንቆጥረውም። በ2009 የጃፓኑ ሊቅ ሚያሳካ ከባልደረቦቹ ጋር ፔሮቭስካይት በሚባለው ቁስ የመጀመሪያውን ሴል ሲያሳይ መጠኑ ከመቶ 3.8 ነበር፤ ዛሬ በላቦራቶሪ ከመቶ 25 አልፏል። መጠን የሚያድግ ነገር ነው። ሆኖም ይኸው ፔሮቭስካይት እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንቱን የሚያስጨንቀው በመጠኑ ሳይሆን በዕድሜው ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ፈጥኖ ያበላሸዋል። ከዚህ የምንረዳው መጠን በጥረት ሲሮጥ ዕድሜ ግን ወደ ኋላ ሊቀር እንደሚችል ነው። የእኛም ጥያቄ ከዚህ ይነሣል።

2. የአንዱ ዱቄት ሁለት ጠባይ

ይኸው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሌላ ታሪክ አለው። በ1972 ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ይህ ቁስ ብርሃን ሲያርፍበት ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክሲጅን ሊከፍል እንደሚችል በጽሑፍ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ፎቶካታሊሲስ የተባለው ጥናት ተስፋፋ። ዱቄቱ ራሱ የሚውጠው ብርሃን ከ390 ናኖሜትር በታች ያለውን፣ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ዓይን የማያየውን ጨረር ነው። ይህን ሲውጥ በገጹ ላይ እጅግ ኃይለኛ የሆኑ ነገሮች ይፈጠራሉ፤ ያገኙትንም የተክልና የእንስሳ ዘር ያለበትን ነገር ሁሉ፣ ተህዋሲም ይሁን ዘይት ወይም ቀለም፣ ይሰባብሩታል።

እንግዲህ ልብ ብለን እንመልከት። በፎቶካታሊሲስ ላቦራቶሪ የዱቄቱ ብርታት የሚፈተነው ሜቲሊን ብሉ በሚባለው ሰማያዊ ቀለም ነው። ቀለሙ በውሃ ይበጠበጣል፣ ዱቄቱ ይጨመራል፣ በብርሃን ፊት ይቀመጣል፤ ቀለሙ ሲጠፋ ተማሪው ደስ ይለዋል፣ በስንት ደቂቃ እንደጠፋም ይጽፋል። በፀሐይ ሴል ላቦራቶሪ ደግሞ ይኸው ዱቄት በአበባ ቀለም ተነክሮ በብርሃን ፊት ይቀመጣል፤ እዚህ ግን ቀለሙ እንዲኖር ይፈለጋል። አንደኛው ወገን ዱቄቱን ቀለም አጥፋልኝ ይለዋል፤ ሁለተኛው ወገን ቀለም ያዝልኝ ይለዋል። ዱቄቱ ግን አንድ ነው፤ የሁለቱንም ጌቶቹን ትእዛዝ ባንድ ጊዜ መፈጸሙ አይቀርም።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሁለቱም ዓይነት ምርምር ይሠራል። ነገር ግን እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ እምብዛም አናይም። በዚህ መስክ ጽሑፎች የተለመደው አካሄድ አዲስ የተሠራውን ሴል ከመብራት ፊት አድርጎ የሚሰጠውን ኃይል መለካትና መጠኑን በመቶኛ ማሳወቅ ነው። አንባቢም ይዞት የሚሄደው ያንን ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ግን የሴሉን የልደት ቀን ይነግረናል እንጂ ዕድሜውን አይነግረንም። የኮሸሽላን ቀለም ለሚያነብ ሰው ግን ዋናው ነገር ዕድሜው ነው፤ የአበባ ቀይ ቀለም፣ አንቶሲያኒን የሚባለው፣ እንኳን ከዚህ ዱቄት ጋር ተጣብቆ፣ ብቻውንም በሙቀትና በብርሃን የሚደበዝዝ ነውና።

በዚህ ላይ ቀደም ብለን የጠቀስነው የአበዳሪው ነገር ይጨመራል። አንድ ሴል 20 ዓመት እንዲያገለግል አንዱ የቀለም ቅንጣት ኤሌክትሮኑን 100 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሰጥቶ መልሶ መቀበል እንዳለበት የመስኩ ሊቃውንት አስልተዋል። የሩቴኒየም ቀለም የተመረጠው ውድ ስለሆነ ሳይሆን ይህን ምልልስ ስለሚችል ነው። እንግዲህ የአበባን ቀለም ከእርሱ ጋር በዋጋ ብቻ ማወዳደር፣ የአንድ ክረምት ጎጆን ከድንጋይ ቤት ጋር በዋጋ ብቻ እንደ ማወዳደር ነው።

ርካሽነቱም ቢሆን ሊመረመር ይገባዋል። በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች መግቢያ ላይ የተክል ቀለም ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ መሆኑ ይነገራል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ቀለሙ ከሴሉ ክፍሎች ሁሉ በመጠን ትንሹ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው መስተዋት፣ የነጠረው ዱቄት፣ አዮዲኑና በሌላው ወገን የሚቀባው ፕላቲኒየም ከባሕር ማዶ የሚመጡ ናቸው። ኮሸሽላው የአገር ልጅ ቢሆንም ሴሉ ገና የአገር ልጅ አልሆነም። አበባው ንቦች የሚቀስሙት መሆኑንም አንርሳ፤ የላሊበላ ስም ከንብ ጋር በሚነገርበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

3. የላስታ ፀሐይ

ላስታን ለመመርመሪያ የመረጥነው አለምክንያት አይደለም። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ይገኛል፤ ከበላዩ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር በግምት ከመቶ 10 ይጨምራል። ስለዚህ ላሊበላ ላይ የሚያርፈው ጨረር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከባሕር ዳር እንኳ ይበልጣል፤ ወደ ደጋው መንደሮች ሲወጣ ደግሞ ይበረታል።

የላቦራቶሪው ሰው ሠራሽ ፀሐይ የሚመስለው ግን ሌላ ፀሐይ ነው። በዓለም ሁሉ የተለመደው የመለኪያ ብርሃን ከአናት 48 ዲግሪ ያህል ያዘነበለች ፀሐይ የምትሰጠውን የሚመስል፣ ሙቀቱም 25 ዲግሪ ሆኖ የተወሰነ ነው። ይህ ለአውሮፓና ለአሜሪካ የተመቸ ሚዛን ነው። ላሊበላ በ12 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በቀትር በአናቷ ላይ ትቆማለች። ቀን የሚያቃጥለው መስተዋትም ሌሊት በደጋ ብርድ ይመታል፤ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲሰፋና ሲጠብ ማሸጊያው ይደክማል። እንግዲህ ኮሸሽላ የሚበቅልበት ደጋ፣ በኮሸሽላ ቀለም ለተሠራው ሴል ከሁሉ የከፋ ጠላት ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ጨረሩን የሚያግድ ስስ ሽፋን በመስተዋቱ ላይ ማድረግ እንደሚቻል እናውቃለን፤ ይህም ከዋጋው ጋር ተደምሮ መታሰብ አለበት።

የላስታ ሰው ብርሃን መፈለጉ የቅንጦት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ኤሌክትሪክና ስልክ ተቋረጡ፤ ከተማውም ብዙ ወራት በጨለማ ቆየ። ወፍጮ ቆመ፣ ስልክ ባዶ ሆነ፣ ሐኪም በምሽት የሚሠራበት መብራት ቸገረው። እንዲያ ያለ ፀሐይ ባለበት አገር እንዲያ ያለ ጨለማ መሆኑ፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚያሰኝ ነው። በዚያ ጊዜ በቤቱ ጣሪያ ላይ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ የነበረው ሰው የጎረቤቶቹ ሁሉ መጠጊያ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ሰው ግን ሰሌዳ ሲገዛ ከመቶ ስንት ይለውጣል ብሎ አይጠይቅም። ገበሬ ሞፈር ሲቆርጥ፣ ቆርቆሮ ሲገዛ፣ ጎጆ ሲከድን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ክረምት ይከርማል? ይህ ጥያቄ ያልተማረ ሰው ጥያቄ መስሎ የሚታየው ካለ ተሳስቷል። ይህ የዋጋው ሁሉ መሠረት ነው። ርካሽ ሆኖ በየዓመቱ የሚለወጥ ሴል፣ ውድ ሆኖ 25 ዓመት ከሚያገለግል የሲሊኮን ሰሌዳ ይልቅ ድኃውን ያስከፍለዋል። ከገበያ ሁለት ቀን መንገድ ለሚርቅ ሰው ደግሞ መለወጫው ብቻ ሳይሆን መንገዱም ዋጋ ነው።

4. ስለ ውሃና ስለ ድንጋይ

የዱቄቱ አጥፊነት በሴል ውስጥ ጉዳት ከሆነ፣ በሌላ ቦታ ጥቅም ሊሆን ይችላል የሚል ክርክር ይነሣል። ይህ ትክክል ነው። ለምሳሌ በወሎ ኮምቦልቻ ያሉትን በመሰሉ ፋብሪካዎች ለሚወጣ የቀለም ፍሳሽ ፎቶካታሊሲስን መሞከር ተገቢ ነው። ስለ መጠጥ ውሃ ሲነገር ግን እዚህም ሚዛኑ ሊስተካከል ይገባል። ንጹሕ ሆኖ የሚታይ ውሃ በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢቀመጥ፣ ያለ ምንም ዱቄት አብዛኛው ተህዋሲ እንደሚሞት ከታወቀ ቆይቷል፤ ደመና ሲሆን ሁለት ቀን ያስፈልጋል። እንጨት በተራቆተበት በላስታ ውሃ ለማፍላት ማገዶ ማግኘት ቀላል ስላልሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ በዱቄት የሚሠራ ማንኛውም አዲስ ዘዴ መወዳደር ያለበት ምንም ካልተደረገለት ውሃ ጋር ሳይሆን ከባዶው ጠርሙስ ጋር ነው። ዱቄቱ ከውሃው ተመልሶ እንዴት እንደሚጣራም መነገር አለበት፤ ደቃቅነቱ በላቦራቶሪ በረከት ቢሆን በእንስራ ውስጥ ችግር ነውና።

ሦስተኛው ነገር ድንጋዩ ነው። ይህ ዱቄት የሕንፃን ፊት ከሻጋታና ከጥላሸት እንዲጠብቅ በአውሮፓ አገልግሎት ላይ ውሏል፤ በ2003 በሮማ የተመረቀው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነጭነቱን እንዲይዝ ይኸው ዱቄት በሲሚንቶው ተደባልቋል። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በዝናብና በድንጋይ ሽበት እየተጎዳ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ይህንኑ እዚህ እንቀባ የሚል ሐሳብ ቢመጣ አያስደንቅም። ነገር ግን አዲስ ሲሚንቶ ሌላ ነው፤ 800 ዓመት ያህል የኖረ፣ ውሃ የሚመጥ የእሳተ ገሞራ አለት ሌላ ነው። ደግሞም ይህ ድንጋይ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ አይደለም፤ ምእመናን የሚሳለሙት፣ የሚደገፉት፣ በባዶ እግር የሚረግጡት ነው። የተቀባ ነገር ይፋቃል፤ የተፋቀውም ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል።

ስለ ዕድሜ ሳይታሰብ የሚደረግ መድኃኒት ምን እንደሚያስከትል ላሊበላ በዓይኗ አይታለች። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ አራት ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ለጊዜው የተባሉ ነበሩ። ዝናቡን ከለከሉ፤ ነገር ግን ክብደታቸው ራሱ ሥጋት ሆነ፣ 10 ዓመት ሲሞላቸውም፣ በ2018፣ የከተማው ሕዝብ መጠለያዎቹ እንዲነሡ አቤቱታውን በአደባባይ አሰማ። መጠለያውን የተከለ ሰው ዝናቡን እንዴት እንደሚከለክል ያውቅ ነበር፤ መጠለያውን ማን፣ መቼና እንዴት እንደሚያነሣው ግን አብሮ አልተተከለም። የኮሸሽላው ሴልና የላሊበላ መጠለያ በመልክ አይገናኙም፤ በሁለቱም የጎደለው ግን አንድ ነው፤ እርሱም የጊዜ ሒሳብ ነው።

5. ምን እንጠይቅ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። የባሕር ዳሩ ሥራ በአገር ተክል ላይ ዓይኑን መጣሉና ባለን መሣሪያ ሊሠራ የሚችለውን ሠርቶ ማሳየቱ ያስመሰግነዋል። ኮሸሽላን ከአጥር ጥግ አንሥቶ ወደ ዓለም የሳይንስ መጽሔት ማግባት ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ተክሉ የእኛ ስለሆነ ምርምሩ የእኛ አይሆንም። ምርምር የእኛ የሚሆነው ጥያቄውም የእኛ ሲሆን ነው። በመቶ ስንት የሚለው ጥያቄ ከውጭ ያገኘነው ጥያቄ ነው፤ እርሱን መመለስ ያስፈልጋል፤ ግን ስንት ክረምት የሚለውን አይተካም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በተክል ቀለም ሴል የሚሠራ ተማሪ ሁሉ ከመጠኑ አጠገብ የዕድሜውን ሠንጠረዥ ያያይዝ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አሥር ያህል ትንንሽ ሴሎችን ግማሹን በባሕር ዳር፣ ግማሹን በላሊበላ ጣሪያ ላይ አኑሮ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ በየሳምንቱ በተራ መለኪያ የሚሰጡትን መመዝገብ ይበቃል። ለላስታ የሚቀርበው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ የሥራ ተካፋይ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ በሦስት ሳምንት ቢጠፋ እንኳ ይህ ውጤት ነው፤ መታተምም አለበት። ሁለተኛ፣ ሴል የሚሠሩና ፎቶካታሊስት የሚሠሩ ተማሪዎች በአንድ ጉባኤ ይቀመጡ፤ አንዱ የሚያለቅስበት ሌላው የሚስቅበት ነገር አንድ ስለሆነ ከሌላው የሚማረው ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ የላሊበላን ድንጋይ የሚነካ ማንኛውም ሙከራ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሳይሆን አስቀድሞ በተፈነቀለ ተመሳሳይ ድንጋይ ላይ፣ ለብዙ ክረምት፣ ካህናቱና የአገሩ ሰዎች እያዩት ይደረግ።

እነዚህ ነገሮች ዝና የሚያመጡ አይደሉም። የሚጨምረውን ቁጥር ማሳተም ከሚቀንሰው ቁጥር ይልቅ ቀላል ነው፤ መምህራንም ጭምር ተማሪን የሚመዝኑት በዚሁ ስለሆነ ተማሪው ወደዚያ ቢያዘነብል አይፈረድበትም። ሆኖም ከላስታ ገበሬ ፊት ቆመን ሴላችንን ስናሳየው የሚጠይቀንን አስቀድመን እናውቃለን። መልሱን ይዘን እንድንቀርብ ያስፈልጋል።